የፋን ፍጥነት ንባብ ይዘላል፤ አንዱ ፋን ደግሞ 675000 ዙር ይላል

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ኬዜ ውስጥ ሁለት አዳዲስ ባለ 120 ሚሊሜትር ፋኖች ከገጠምኩ ወዲህ የክትትል ሶፍትዌሩ የሚያሳየኝ ቁጥር ግራ አጋብቶኛል። ፋን 1 የሲፒዩው ነው፤ በደቂቃ 1100 ዙር አካባቢ ይላል፣ ሥራ ሲበዛበት ይጨምራል፣ ምንም አላለም። ፋን 2 ላይ ግን አንዴ 850፣ አንዴ 2100፣ አንዴ ዜሮ፣ ከዚያ ተመልሶ 850። የፋኖቹ ካርቶን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ ፍጥነት 1200 ነው። በዓይኔ ሳያቸው ሁለቱም ሳይቋረጡ ይሽከረከራሉ፤ ድምፃቸውም አይለዋወጥም።

ይባስ ብሎ ፋን 3 የሚባል መስመር 675000 ያሳያል፤ አልፎ አልፎ ወደ 337500 ይወርዳል። ማዘርቦርዱ ላይ ያሉት የፋን ሶኬቶች ሁለት ብቻ ናቸው። ታዲያ ይሄ ሦስተኛው ከየት መጣ?

ሊኑክስ ነው የምጠቀመው፤ ዊንዶውስ ላይ አስነስቼ ሳየው ፋን 2 ያው እየዘለለ ነው። ባዮሱን (ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የማስነሻ ፕሮግራም) ወደ አዲሱ ቀይሬዋለሁ፣ ለውጥ የለም። የሲፒዩው ሙቀት ሲያርፍ 38 ዲግሪ፣ ሲጨናነቅ ከ70 አያልፍም። ማዘርቦርዱ ተበላሽቶ ይሆን?

ፈጣን_መልስ፦

ሙቀቱ 70 ካላለፈ ምን አስጨነቀህ? ፋኑ ይሽከረከራል፣ ኮምፒውተሩ ይሠራል። ማስጠንቀቂያውን ባዮስ ውስጥ አጥፋና ተገላገል።

ሽቦ_ፈቺ፦

ማስጠንቀቂያ አጥፋ የሚለው ምክር በኋላ ይደረስበታል። ማዘርቦርድህን ግን ለመጣል አትቸኩል ወንድሜ። ሽቦ ከመንካትህ በፊት ቁጥሮቹን ራሳቸውን መርምራቸው፤ የተሳሳተ ንባብ ብዙ ጊዜ የት እንደተሳሳተ በላዩ ላይ ተጽፎበታል።

675000ን ውሰድ። እንዲያው የመጣ ቁጥር አይደለም። ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ የፋን ፍጥነት የሚቆጥረው ሱፐር አይኦ የሚባለው ቺፕ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይቲኢ ወይም ኑቮቶን የተባሉ ድርጅቶች የሠሩት ሆኖ ታገኘዋለህ። ቺፑ በደቂቃ ስንት ዙር ብሎ አይቆጥርም። በሰከንድ 22500 ጊዜ የሚመታ ሰዓት አለው፤ ፋኑ አንድ ዙር እስኪጨርስ ያ ሰዓት ስንቴ እንደመታ ይመዘግባል። ፋኑ ቀርፋፋ ሲሆን ምቱ ይበዛል፣ ፈጣን ሲሆን ያንሳል። 22500 በ60 ሲባዛ 1350000 ነው። ድራይቨሩ (ቺፑን የሚያነበው ፕሮግራም) እንግዲህ 1350000ን በተመዘገበው ምት ያካፍልና የዙሩን ብዛት ያወጣልሃል።

ባለ 16 ቢት ቆጣሪ ባላቸው የአይቲኢ ቺፖች ላይ የሊኑክሱ ድራይቨር የተመዘገበውን በ2 አባዝቶ ነው የሚያካፍለው። ምዝገባው 1 ሲሆን ስንት ይመጣል? 675000። 2 ሲሆን? 337500። ያንተው ቁጥሮች ናቸው። ቆጣሪው ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ጫፍ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሚሽከረከር ፋን ደግሞ በዓለም ላይ የለም። መስመሩ ላይ ያለው ንጹህ የኤሌክትሪክ ጫጫታ ነው። ቺፑ ለሦስተኛ ፋን የሚሆን እግር አለው፣ የማዘርቦርዱ ሠሪ ግን ያንን እግር ከሶኬት ጋር አላገናኘውም። ድራይቨሩ ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ያገኘውን ያሳይሃል። ፋን 3ን እርሳው፤ እንዴት እንደሚደበቅ በኋላ እነግርሃለሁ።

ፋን 2 ሌላ ጉዳይ ነው። አንዱ ቁጥር (850) ለፋኑ የሚመስል ነው፣ አንዱ (2100) ፋኑ ከሚችለው በላይ ነው፣ አንዱ ዜሮ ነው። ይህ ከቺፑ ጫፍ ጋር አይገናኝም። እስቲ ንገረኝ፦ ሁለቱን ፋኖች የሰካሃቸው በአንድ ሶኬት ላይ ነው?

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

አዎ፣ በስፕሊተር (አንዱን ሶኬት ለሁለት ፋን በሚከፍል ሽቦ)። ከሲፒዩው ሌላ የቀረኝ ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ ከፋኖቹ ጋር በአንድ ካርቶን የመጣ ሳይሆን ለብቻው የተገዛ ስፕሊተር ተጠቅሜያለሁ። ፋኖቹ ባለ 4 ፒን ናቸው።

ቀይ_ሽቦ፦

በቃ፣ እዚያው ላይ ነው። ስፕሊተሩን ነቅለህ ሁለቱን የፋን መሰኪያ ጫፎች አነጻጽር። ደህና ስፕሊተር ከሆነ አንደኛው ጫፍ 4 ፒን፣ ሌላኛው 3 ፒን ብቻ ይኖረዋል፤ የጎደለው ሦስተኛው ፒን ነው። ሁለቱም 4 ከሆኑ የሁለቱ ፋኖች የፍጥነት ምልክት አንድ ሽቦ ላይ እየተጋጨ ነው።

ለምን እንደዚያ እንደሚዘል ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ሁለት ፋን ስለሆነ እጥፍ ይቆጥራል» ብሎ ያልፈዋል፤ እንዲያ ቀላል አይደለም። ፋኑ ፍጥነቱን የሚያሳውቀው ቮልቴጅ በመላክ አይደለም። ሦስተኛውን ሽቦ ከመሬት ጋር እያገናኘ ይለቀዋል፣ ያገናኘዋል፣ ይለቀዋል፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ። ሲለቀው ሽቦውን ወደ ላይ የሚስበው ማዘርቦርዱ ላይ ያለ ሬዚስተር ነው። ቺፑ የሚቆጥረው ይህንን መውጣትና መውረድ ነው።

አሁን ሁለት ፋን አንድ ሽቦ ላይ አድርግ። አንዱ እንኳ ከመሬት ጋር ካገናኘው ሽቦው ወድቋል፤ ከፍ የሚለው ሁለቱም ባንድ ላይ ሲለቁት ብቻ ነው። ሁለቱ ፋኖች ደግሞ ፍጥነታቸው በጥቂት ዙር ስለሚለያይ አንዱ ሌላውን ቀስ እያለ እየቀደመ ይሄዳል። ምቶቻቸው ሲገጣጠሙ ትክክለኛውን 850 ታያለህ። ሲዛነፉ በመካከል ቀጫጭን ምቶች ይፈጠራሉ፣ ቆጣሪው እነሱንም እንደ ሙሉ ምት ይወስዳቸዋል፤ 2100 ከዚያ ነው። ፈጽሞ ሲቃረኑ፣ አንዱ ሲለቅ ሌላው ሲይዝ፣ ሽቦው ቀና የሚልበት ጊዜ ያጣል፤ ምት የለም፣ ዜሮ ይጻፋል። ሁለቱም ፋኖች ግን አንድም ጊዜ አልቆሙም።

ፈጣን_መልስ፦

እሺ ይሁን፣ ግን ያልኩት ልክ ነው እኮ። ፋኖቹ ጤነኛ ናቸው፤ ንባቡ ነው የታመመው። ሰው ለሚሠራ ፋን ኬዝ ሲፈታ ይውላል?

ቀይ_ሽቦ፦

ለኬዝ ፋን ከሆነ ከአንተ ጋር ብዙም አልጣላም። የሲፒዩ ፋን ላይ ግን ማስጠንቀቂያ ማጥፋት ሌላ ነገር ነው። ፋኑ አንድ ቀን በእውነት ሲቆም ሲፒዩው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ራሱን ያድን ይሆናል፤ አንተ ግን ኮምፒውተሩ ለምን እንደዘገየ ሳታውቅ ስትንከራተት ትከርማለህ። ንባቡን አስተካክሎ ማስጠንቀቂያውን መተው ይሻላል።

የተረሳ_ይለፍ_ቃል፦

በመካከል ስለገባሁ ይቅርታ፣ የእኔም ስለ ማስጠንቀቂያ ስለሆነ ነው። ትልቅና ጸጥተኛ የሲፒዩ ማቀዝቀዣ ገጠምኩ። አሁን ጠዋት ሳስነሳው «የሲፒዩ ፋን ስህተት» ብሎ ኤፍ 1 ተጫን ይለኛል። ከተነሳ በኋላ ንባቡ 450 ነው፣ አይዘልም፣ አይጠፋም። ይሄም ስፕሊተር ነው?

ሽቦ_ፈቺ፦

ያንተ ስፕሊተር አይደለም፣ ንባቡም ትክክል ነው። ብዙ ባዮሶች የሲፒዩ ፋን ዝቅተኛ ገደብ አላቸው፤ 600 ሆኖ የሚመጣ አለ። ትልልቆቹ ፋኖች ከዚያ በታች በሰላም ይሠራሉ፣ ባዮሱ ግን እንደቆመ ይቆጥራቸዋል። በክትትል ገጹ ላይ የፋን ዝቅተኛ ፍጥነት ገደብ የሚለውን ፈልግና ወደ 200 ወይም 300 አውርደው። «ችላ በል» የሚለውን ምርጫ የመጨረሻ አድርገው፤ ቀይ ሽቦ ያለችው እዚህ ላይ ይሠራል። ገደቡ ዝቅ የማይል ከሆነ የፋኑን መነሻ ፍጥነት ትንሽ ከፍ ማድረግ ሌላው መንገድ ነው።

በውኃ የሚቀዘቅዝ ሲፒዩ ያላችሁም ይህ መልእክት ሲመጣባችሁ መጀመሪያ የሲፒዩ ፋን ሶኬቱ ባዶ አለመሆኑን እዩ። ፋኖቹ ሌላ ቦታ ተሰክተው ሶኬቱ ባዶ ከቀረ ባዮሱ የሚያነበው የለውም።

አሮጌ_ማሽን፦

እኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው የገጠመኝ። የቆየ ኮምፒውተር አለኝ፣ ለፋይል ማስቀመጫ ነው የምጠቀምበት። የኬዝ ፋኑን በፍጥነት ሳስሮጠው 2900 ምናምን ያሳያል። ቀነስ ሳደርገው ቁጥሩ ይወርድ ይወርድና 2657 ላይ ሲደርስ ድንገት ዜሮ። ፋኑ ግን ይሽከረከራል! ሽቦውንም ፋኑንም ቀይሬ ያው ነው።

የድሮ_ቴክኒሻን፦

ልጄ፣ ያ 2657 ሳየው የድሮ ወዳጅ ያገኘሁ ያህል ነው የሆንኩት። የፋኑም የሽቦውም ጥፋት የለበትም።

ሽቦ ፈቺ ያስረዳው ስሌት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በድሮዎቹ ቺፖች የምቱ መመዝገቢያ 8 ቢት ብቻ ነው፤ ከ255 በላይ መያዝ አይችልም። 255 ሲሞላ «ፋኑ ቆሟል ወይም ከምቆጥረው በታች ቀርፋፋ ነው» ማለት ስለሆነ ድራይቨሩ ዜሮ ይጽፋል። ቀርፋፋ ፋን ብዙ ምት ያስመዘግባል ብለናል፤ ስለዚህ ቆጣሪው እንዳይሞላ ምቱን የሚቀንስ ማካፈያ ተሠርቶለታል፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ አንዳንዱ ቺፕ እስከ 128 ይደርሳል። ስሌቱ 1350000ን በምቱና በማካፈያው ብዜት ማካፈል ነው። ማካፈያው 2 ሆኖ ምቱ 254 ሲሆን አስላው፦ 2657። ከዚያ በታች ያለ ፍጥነት ሁሉ ዜሮ ነው። ማካፈያውን 4 ብታደርገው እስከ 1329 ታያለህ፣ 8 ብታደርገው እስከ 664።

ሊኑክስ ላይ የእያንዳንዱ ፋን ማካፈያ «ፋን 1 ዲቭ» በምትመስል ፋይል ይቀመጣል፤ ወይም ሰንሰርስ በሚባለው የክትትል ፕሮግራም ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ትጽፈዋለህ። አንዳንድ ድራይቨሮች ራሳቸው ያስተካክሉታል፣ የአንተው የማያስተካክል ይመስላል።

ግን ማካፈያ ሲጨምር ጥራት ይቀንሳል። በ8 ላይ አንድ ፋን 3000 አካባቢ ሲሽከረከር ምቱ 56 ከሆነ 3013፣ 57 ከሆነ 2960 ይነበባል። በመካከል ያለ ቁጥር የለም። ፋኑ በ53 ዙር ወዲያ ወዲህ ሲል ብታየው ፋኑ እየተወላገደ እንዳይመስልህ፤ ቆጣሪው ከዚያ ያነሰ እርምጃ ስለሌለው ነው። አዳዲሶቹ ባለ 16 ቢቶች ይህ ችግር የለባቸውም።

አሮጌ_ማሽን፦

ጋሼ፣ 8 አደረግኩት፤ 940 እያለ ነው አሁን። ከልብ አመሰግናለሁ። ማሽኑ ራሱ ዳግም ሲነሳ ግን ወደ 2 ይመለሳል።

የድሮ_ቴክኒሻን፦

በፋይሉ ላይ በእጅ የጻፍከው ዳግም ሲነሳ ይጠፋል። በሰንሰርስ ማዋቀሪያ ውስጥ አስገባውና ማሽኑ ሲነሳ በሰንሰርስ አገልግሎት በኩል እንዲጫን አድርግ። ዝቅተኛ ገደብም ካለህ ከማካፈያው ቀጥለህ ጻፈው፤ ገደቡ የሚሰላው በማካፈያው ስለሆነ ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል።

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

ስፕሊተሩን አየሁት። ሁለቱም ጫፎች 4 ፒን ናቸው፣ ሁሉም ሽቦዎች እስከ ጫፍ ይደርሳሉ። ከመቁረጤ በፊት ግን ማረጋገጥ እፈልጋለሁ፦ እውነተኛው ፍጥነት 850 መሆኑን በምን ላውቅ? የዙር መለኪያ መሣሪያ የለኝም።

ሽቦ_ፈቺ፦

ቀስ ብሎ የሚቀርጽ ስልክ ካለህ በቂ ነው። አንዱ ክንፍ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፍ፣ በሰከንድ 240 ፍሬም በሚለው ቅረጽ፣ ከዚያ ፍሬም በፍሬም እያለፍክ ምልክቱ ወደነበረበት ለመመለስ ስንት ፍሬም እንደፈጀ ቁጠር። 240ን በዚያ አካፍለህ በ60 አባዛ። በሰከንድ 30 ፍሬም ብቻ በሚቀርጽ ካሜራ አትሞክር፤ ፋኑ የቆመ ወይም ወደ ኋላ የሚዞር መስሎ ያሳስትሃል።

ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ካለህ ደግሞ ወረቀትም አያስፈልግም። የፋኑ ዋና ድምፅ የሚመጣው ክንፎቹ አየሩን ሲመቱ ነው፤ በ60 የተከፈለውን ዙር በክንፎቹ ብዛት አባዛው። 850 ዙር፣ 9 ክንፍ ከሆነ 127 ኸርዝ አካባቢ ላይ ጉብታ ታያለህ። ሁለት ፋን ጎን ለጎን ሲሆኑ ግን ጉብታዎቹ ስለሚቀራረቡ እኔ ካሜራውን እመርጣለሁ።

መልቲሜትርህ ኸርዝ የሚለካ ከሆነ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። አንዱን እግር መሬት ላይ፣ ሌላውን ሦስተኛው ፒን ላይ አድርገህ ያገኘኸውን ኸርዝ በ30 አባዛ። ይህ ከቺፑም ከሶፍትዌሩም ነፃ የሆነ ንባብ ነው። መልቲሜትሩ ትክክል ሶፍትዌሩ የተሳሳተ ከሆነ ችግሩ ከሶኬቱ ወዲያ፣ ማዘርቦርዱና ሶፍትዌሩ ጋ ነው፤ ሁለቱም ከተሳሳቱ ከሶኬቱ ወዲህ፣ ሽቦውና ፋኑ ጋ።

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

ካሜራው ሠራ። ምልክቱ በ17 ፍሬም ይመለሳል፤ 847 ዙር ገደማ ማለት ነው። ሁለተኛውም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስለዚህ 850 እውነት፣ የቀረው ሁሉ ቅዠት ነው። አሁን የትኛውን ሽቦ ላውጣ? የፋኑ ሽቦዎች ጥቁር፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ናቸው። የሆነ ቦታ ላይ «የፍጥነቱ ሽቦ ቢጫው ነው» የሚል አንብቤያለሁ።

ቀይ_ሽቦ፦

ቢጫውን እንዳትነካ! ያነበብከው ስለ ባለ 3 ፒን ፋን ነው። ባለ 3 ፒን ላይ በተለምዶ ጥቁር መሬት፣ ቀይ 12 ቮልት፣ ቢጫ የፍጥነት ምልክት ነው። ባለ 4 ፒን ላይ ግን ጥቁር መሬት፣ ቢጫ 12 ቮልት፣ አረንጓዴ የፍጥነት ምልክት፣ ሰማያዊ የፒደብሊውኤም (ፋኑን በምት የሚያዝ የፍጥነት ትእዛዝ) መቆጣጠሪያ። ቢጫ በአንዱ ምልክት፣ በሌላው ሙሉ 12 ቮልት ነው። ሁሉም ጥቁር የሆኑ ሽቦዎችም ስላሉ ቀለምን ትተህ በቦታ ቁጠር፦ መሰኪያው ጎን ላይ ያሉት ጉብታዎች ከፒን 1 እስከ 3 ባለው በኩል ናቸው፤ አራተኛው ከጉብታው ውጭ ለብቻው ይቀራል። ከአራተኛው ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ነው።

መቁረጥም አያስፈልግህም። ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ከመብራት ንቀለው፤ በስፕሊተሩ አንድ ጫፍ ላይ (ፋኑ ላይ ሳይሆን) የፒን 3ን ትንሽ የብረት ምላስ በቀጭን መርፌ ጫን አድርገህ ሽቦውን ወደ ኋላ ሳበው፣ ይወጣል። ጫፉን በቴፕ ጠቅልለው። ከዚያ በኋላ የሚነበበው የአንዱ ፋን ፍጥነት ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ቢቆም ሶፍትዌሩ አያውቅም። ስለዚህ ለማየት የሚያስቸግርህን ፋን ነው ምልክቱ ባለበት ጫፍ ላይ የምትሰካው።

አንድ ሶኬት በተለምዶ 1 አምፔር ነው የሚችለው። ለሁለት ተራ ፋን አይበዛበትም፤ ሦስትና አራት ለመጨመር ካሰብክ ግን ኃይሉን ከፓወር ሰፕላዩ የሚወስድ የፋን ሀብ ፈልግ።

ሌሊት_ሠራተኛ፦

እኔ ስፕሊተር የለኝም፣ ፋኖቼ በየሶኬታቸው ናቸው፣ ግን በቀን አንዴ ሁለቴ የፋን ንባቡ ሰማይ ይነካና ይመለሳል። ከዚያው ጋር አንዳንዴ ሙቀቱም ለአንድ ሰከንድ የማይሆን ቁጥር ያሳያል። ዊንዶውስ ነው።

ሽቦ_ፈቺ፦

«ሙቀቱም» ያልከው ነው ዋናው ምልክት። የሙቀትና የፋን ሽቦ አይገናኙም፤ ሁለቱ ባንድ ቅጽበት ከተበላሹ የተበላሸው ሽቦ አይደለም፣ ቺፑን የማንበቡ ሥራ ነው። የክትትል ፕሮግራም ስንት አለህ? የማዘርቦርዱ ሠሪ የሰጠው፣ የመብራት ቀለም የሚቀይረው፣ በጨዋታ ጊዜ ቁጥር የሚያሳየው፤ ሁሉም ያንኑ ቺፕ ሊያነቡ ይችላሉ።

ቺፑ የሚነበበው በሁለት እርምጃ ነው፦ መጀመሪያ «ይህን ሬጅስተር» (ቺፑ ውስጥ አንድ ዋጋ የሚቀመጥበት ቦታ) ብለህ ቁጥሩን ትጽፋለህ፣ ቀጥሎ ዋጋውን ታነባለህ። በሁለቱ መካከል ሌላ ፕሮግራም ገብቶ የራሱን ሬጅስተር ከመረጠ አንተ የምታነበው የእሱን ነው፤ የቮልቴጅ ቁጥር በፋን ስም ይመጣልሃል። ጥሩ ጥሩዎቹ ፕሮግራሞች ተራ የሚጠባበቁበት የጋራ ቁልፍ አላቸው፣ ሁሉም ግን አያከብሩትም። አንዱን ብቻ አስቀርተህ ሌሎቹን ዝጋቸው፣ ከበስተጀርባ የሚሠሩትንም ጭምር።

ሊኑክስ ላይ ይኸው ጉዳይ በሌላ መልክ ይመጣል። ኤሲፒአይ የሚባለው፣ ኃይልንና ሃርድዌርን የሚያስተዳድረው የባዮሱ ክፍል ያንኑ ቺፕ እኔ ነኝ የምጠቀምበት ካለ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨሩን አይጭነውም። ኢንተርኔት ላይ ጥበቃውን የሚያላላ የከርነል ማስነሻ ቅንብር ተጠቀም የሚል ምክር ሞልቷል። ይሠራል፣ ግን የከርነሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱ ሲጋጩ የሚበላሸው ንባብ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የፋን ቁጥጥሩም አብሮ ሊሳሳት ይችላል። ለማየት ብቻ ከሆነ ሞክረው፣ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ማሽን ግን አልመክርም።

ባለ_ላፕቶፕ፦

ላፕቶፕ ላይስ? እኔ ከእንቅልፍ ሲነቃ ለጥቂት ጊዜ 65535 ይለኛል፣ ከዚያ ይስተካከላል።

የድሮ_ቴክኒሻን፦

65535 የ16 ቢት ሬጅስተር ሁሉም ቢቶቹ 1 ሲሆኑ የሚሰጠው ቁጥር ነው። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ የሚነበበው ይህ ነው። ላፕቶፕ ላይ ፋኑን የሚመራው ለብቻው ያለ ትንሽ መቆጣጠሪያ ነው፤ ከእንቅልፍ ሲነሳ እሱም ራሱን እስኪያሰናዳ ጊዜ ይወስድበታል። ከደቂቃዎች በኋላ ከተስተካከለ ተወው። ጨርሶ ካልተመለሰ ግን ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍተህ አስነሳው።

ፈጣን_መልስ፦

እሺ ባለሙያዎች፣ እኔም ልጠይቅ። ባለ 3 ፒን ፋን ከአንድ የቆየ የፋን መቆጣጠሪያ ጋር አለኝ። ሙሉ ፍጥነት ላይ ንባቡ ልክ ነው፣ ስቀንሰው ቁጥሩ ያብዳል። ስፕሊተርም የለ፣ ሁለት ፕሮግራምም የለ።

ቀይ_ሽቦ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከላይ ያልተነሳ ምክንያት ነው። መቆጣጠሪያው ፍጥነት የሚቀንሰው ቮልቴጅ ዝቅ በማድረግ ሳይሆን የፋኑን ኃይል በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ይመስላል። ባለ 3 ፒን ፋን ውስጥ የፍጥነት ምልክቱን የሚያወጣው ሰርኪት የሚሠራው በዚያው ኃይል ነው፤ ኃይሉ በጠፋ ቁጥር ምልክቱም አብሮ ይቆራረጣል። ቆጣሪው የፋኑን ዙር ሳይሆን የማብራት ማጥፋቱን ምት መቁጠር ይጀምራል። ባለ 4 ፒን ፋን ላይ ይህ የማይመጣው 12 ቮልቱ ሳይቋረጥ ስለሚደርሰውና ትእዛዙ በአራተኛው ሽቦ ለብቻው ስለሚሄድ ነው፤ የዚያ ምልክት መደበኛ ድግግሞሽ 25 ኪሎኸርዝ ነው።

መፍትሔው ፋኑን ማዘርቦርዱ ላይ ሰክተህ በባዮስ ውስጥ ያንን ሶኬት ወደ ቮልቴጅ ሞድ መቀየር ነው፤ ብዙ ቦታ «ዲሲ» ተብሎ ይጻፋል። በፒደብሊውኤም ሞድ ከተውከው ደግሞ ባለ 3 ፒኑ ፋን ትእዛዙን ስለማይሰማ ሁልጊዜ በሙሉ ፍጥነት ይሮጣል፤ ንባቡ ልክ ይሆናል፣ ጆሮህ ግን አይወደውም።

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

ፒኑን አወጣሁት። ፋን 2 አሁን 850 ላይ ቀጥ ብሏል፤ ፍጥነቱን ስጨምረው እስከ 1190 ወጣ፣ ስቀንሰው ወረደ፣ አንድም ዝላይ የለም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የቀረኝ ፋን 3ን መደበቅ ነው። ደግሞ የግራፊክስ ካርዴ ፋን «30 በመቶ» ብቻ ነው የሚለው፤ ዙሩን ከዚያ ማስላት ይቻላል?

ሽቦ_ፈቺ፦

ከግራፊክስ ካርዱ ልጀምር። በመቶኛ የተጻፈ ቁጥርን እንደ ልኬት አትውሰደው። የኤንቪዲያ የትእዛዝ መስመር መሣሪያ የሚያሳየው መቶኛ ካርዱ ፋኑን ሊያሽከረክርበት ያሰበው ፍጥነት ነው፤ ፋኑ በሽቦ ተይዞ ቢቆም እንኳ 30 ማለቱን አይተውም። ዙር በደቂቃ የሚያሳይ ሌላ መሣሪያ ከሌለህ በዓይንህ ተመልከት። በተቃራኒው ደግሞ ካርዱ ሥራ ሲፈታ ዜሮ ካለ አትደንግጥ፤ ብዙ ካርዶች እስከሚሞቁ ድረስ ፋናቸውን ሆን ብለው ያቆማሉ።

ፋን 3ን ለመደበቅ በ«ኢቲሲ» ሥር ባለው የ«ሰንሰርስ ዲ» ፎልደር ውስጥ አንድ አዲስ ፋይል ፍጠር። መጀመሪያ የቺፑን ስም የሚጠራ መስመር፣ ከሥሩ ፋን 3ን «ኢግኖር» የምታደርግ መስመር። በዚያው ለፋን 2 «ሌብል» በሚለው መስመር ስም ስጠው፣ ለምሳሌ «የፊት ፋን»። የሶፍትዌሩ ቁጥርና ማዘርቦርዱ ላይ የታተመው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለማይገጥሙ ከወራት በኋላ የትኛው የት እንደነበረ ይጠፋብሃል። ዋናውን የማዋቀሪያ ፋይል አትነካካው፤ ፕሮግራሙ ሲታደስ ሊተካው ይችላል።

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

ተሳካ፣ ፋን 3 ጠፋ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ የፊቱን ፋን በሲፒዩው ሙቀት ልክ የሚቀያይር ትንሽ ስክሪፕት ጽፌያለሁ፤ የሚያነበው «ኤችደብሊውሞን 2» ከሚለው ፎልደር ነው። ዛሬ ማሽኑን ሳስነሳው ቺፑ «ኤችደብሊውሞን 3» ሥር ነው ያለው። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?

የድሮ_ቴክኒሻን፦

ያ ቁጥር ድራይቨሮቹ የተጫኑበት ተራ ነው፤ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ሊቀያየር ይችላል። ስክሪፕትህ ፎልደሮቹን አንድ በአንድ ከፍቶ በውስጣቸው ያለችውን «ኔም» የምትባል ፋይል ያንብብና የቺፑ ስም ያለበትን ይምረጥ። ስሙን ካላገኘ ደግሞ ፋኑን ወደ ሙሉ ፍጥነት ለቆት ይውጣ፤ የተሳሳተ ፎልደር ላይ እየጻፈ እንዳይቀጥል።

ቀይ_ሽቦ፦

ጋሼ ባሉት ላይ፦ ስክሪፕቱ ፒደብሊውኤሙን ዝቅ ካደረገ በኋላ የፋን 2ን ንባብ ይመልከት። ከሰከንዶች በኋላ ዜሮ ካየ ከፍ ያድርገው። አንዳንድ ፋን በዝቅተኛ ትእዛዝ መሽከርከሩን ይቀጥላል፣ ከቆመበት ግን በዚያው ትእዛዝ አይነሳም። የተያዘ ፋን ደግሞ ለመነሳት በየጊዜው ንቅንቅ ስለሚል ትንንሽ ምቶች ሊልክ ይችላል፤ ስለዚህ ከ300 በታች የሆነውን ሁሉ እንደ ዜሮ ይቁጠረው።

ጸጥ_ያለ_ኬዝ፦

ሁለቱንም ጨመርኩ። የፋኑን መሰኪያ ነቅዬ ስሞክረው ወዲያው ወደ ሙሉ ፍጥነት ትእዛዝ ገባ። ክሩን «ተፈቷል» ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ።